ነጥብና ድምፅ፦ ወጋየሁ ንጋቱ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» እና የምዕራብ ጎጃም አድማጭ

መግቢያ

በ1970ዎቹ ዓ.ም. መራዊ ላይ ያደግሁ በመሆኔ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያወቅሁት በዓይኔ ሳይሆን በጆሮዬ ነው። መጽሐፉ በቤታችን አልነበረም። የነበረው የጎረቤት ራዲዮ ነው፤ ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ቀን ፀሐይ ላይ እየተሰጣ ለማታ ይቆጠብ ነበር። የትረካው ሰዓት ሲደርስ ሽማግሌዎቹ መደብ ላይ፣ እኛ ልጆች በሩ ሥር እንቀመጣለን። ማንም አያወራም። «ወጋየሁ ነው» ከተባለ በቂ ነበር፤ የአባቱን ስም መጨመር አያስፈልግም።

ከዓመታት በኋላ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሆኜ መጽሐፉን ስገልጠው፣ ከዚህ ቀደም የማውቀው ነገር አንድም ቀን እንዳልተነገረኝ ተረዳሁ። ስለ ደራሲው፣ ስለ ገጸ ባሕርያቱ፣ ስለ ጭብጡ፣ ስለ ዘመነ መሳፍንት ቅሪቶች ብዙ ተማርን። መጽሐፉን ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ስላደረሰው ድምፅ ግን አልተማርንም። የዘመናዊው አማርኛ ልቦለድ ታሪክ ሲጻፍ ደራሲ አለ፤ አሳታሚ አለ፤ ሐያሲ አለ፤ ተራኪ የለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ክፍተት በአንድ ሰውና በአንድ ሥራ አማካይነት ማሳየት ነው። መከራከሪያዬ በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ያቀረበው ትረካ የመጽሐፉ ማስታወቂያ ወይም ቅጂ ብቻ አይደለም፤ መጽሐፉ ራሱ ከመነሻው ይጠብቀው የነበረ ንባብ ነው። ስለሆነም በሥነ ጽሑፍ ታሪካችን ውስጥ የራሱ ቦታ ይገባዋል።

ለጆሮ የተጻፈ መጽሐፍ

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወልደው በዚያው አገር የአብነት ትምህርት ቤቶች ያደጉ ደራሲ ናቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከመታተሙ በፊት በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ «ተረት ተረት የመሠረት» ይባላል። ርእሱ ራሱ የተረት መክፈቻ ነው፤ አንድ ሰው ሊናገር፣ ሌሎች ሊሰሙ መቀመጣቸውን የሚያበሥር ቃል ነው። ከ500 ገጽ በላይ ወዳለው ልቦለድ የተሻገሩት ከዚህ ተነሥተው መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው ግን ደራሲው በፊደሉ ላይ ያደረጉት ነገር ነው። የአማርኛ ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። «ዋና» ብለን ስንጽፍ በውኃ ውስጥ የሚዋኘውን ዋና ይሁን ከሁሉ የሚበልጠውን ዋና፣ «ገና» ስንል በዓሉን ይሁን ያልደረሰውን ጊዜ የሚለየው አንባቢው ነው። «ይበላል» የሚለው ቃል ሲላላ ሰውዬው በላተኛ፣ ሲጠብቅ ደግሞ ተበይ ይሆናል። ሐዲስ የፊደል መሻሻል ደጋፊ ስለነበሩ በዚህ ልቦለዳቸው የሚጠብቁትን ፊደላት ከላያቸው ነጥብ በማድረግ አመልክተዋል። ልማዱ በሌሎች ደራስያን አልተስፋፋም። ብዙ አንባቢም ነጥቡን እንደ ኅትመት እንግዳነት አይቶ ያልፈዋል።

እኔ ግን ነጥቡን ከሰዋስው ጉዳይ በላይ አድርጌ አየዋለሁ። ነጥቡ ለዓይን ብቻ ለሚያነብ ሰው ያን ያህል አያስፈልገውም፤ ዐውዱ ይነግረዋል። የሚያስፈልገው ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሌላ ሰው ለሚያነብ ነው። ይህ አስተሳሰብ ደግሞ ለቤተ ክህነት ተማሪ እንግዳ አይደለም። የዜማ ምልክቶች በፊደላት አናት ላይ መቀመጥ የጀመሩት በትውፊት እንደሚነገረው በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል አማካይነት ነው። በንባብ ቤትም ልጁ ፊደሉን ለይቶ ማወቁ ብቻ አይበቃም፤ ተነሺውን፣ ወዳቂውን፣ ሰያፉንና ተጣዩን ለይቶ ካላሰማ «አነበበ» አይባልም። በዚህ ትምህርት ዘንድ ንባብ ማለት ማሰማት ነው። ሐዲስ በዚያ ቤት አድገው ልቦለድ ሲጽፉ በፊደሉ ላይ ያኖሯት ነጥብ፣ በእኔ ግንዛቤ፣ ለሚመጣው ድምፅ የተተወች አደራ ናት።

ራዲዮውና ተራኪው

አደራው ወዲያው አልደረሰም። ልቦለዱ በታተመበት ዘመን ከአገሪቱ ሕዝብ ማንበብና መጻፍ የማይችለው ከ90 በመቶ በላይ እንደሆነ ይገመት ነበር። መጽሐፉ የሚተርከው ስለ ጎጃም ባላገርና ባላባት ቢሆንም ያነበበው ግን በአመዛኙ የከተማ ተማሪ፣ መምህርና የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የማንኩሳ ሰው ስለ ማንኩሳ የተጻፈውን አያውቅም ማለት ነው።

ራዲዮ በኢትዮጵያ ከጣሊያን ወረራ ዋዜማ ጀምሮ ቢኖርም ወደ ገጠር ቤት የገባው በባትሪ የሚሠራው ትንሹ ራዲዮ ከተስፋፋ በኋላ ነው። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ተስፋዬ ሳህሉ፣ ሕፃናት «አባባ ተስፋዬ» የሚሏቸው፣ ተረትን በምስል ማቅረብ ያዙ፤ ከ40 ዓመት በላይም ዘለቁበት። ሆኖም መብራት በሌለበት አገር አባባ ተስፋዬን የሚያውቅ ልጅ ጥቂት ነበር። እኛን ያሳደገን ምስል የሌለው ድምፅ ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥሯል፤ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ግን ከ500 ገጽ በላይ ያለው ልቦለድ አንባቢ አይሆንም። በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው የኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» የተሰኘው ዝግጅት የገባው።

ወጋየሁ ንጋቱ ከማይክሮፎን በፊት የመድረክ ሰው ነበር። ከደበበ እሸቱና ከሌሎች ጋር በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. የአማርኛን ቴአትር ወደ ከፍተኛ ደረጃ ካደረሰው የተዋንያን ትውልድ ይመደባል። ይህ ትውልድ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን የመሰለ ከባድና ቅኔ አዘል ቃለ ተውኔት ከአፉ አውጥቶ ለተመልካች ያስረዳ ነው። እንዲህ ያለ ቃለ ተውኔት ተዋናዩን ትንፋሽ ማከፋፈልን ያስተምረዋል፤ የትኛው ቃል እንዲጎላ፣ የትኛው እንዲደበዝዝ፣ የት ላይ ዝም እንዲባል መወሰን ግድ ነው። ወጋየሁ ወደ ራዲዮ ሲመጣ ይህንን ሙያ ይዞ መጣ፤ ልብሱን፣ ገጽታውን፣ መብራቱንና ጓደኞቹን ግን በደጅ ትቶ ነው የገባው። በመድረክ ላይ አንድ ተዋናይ አንድ ሰው ነው። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ትረካ ግን ፊታውራሪ መሸሻ፣ ጉዱ ካሣ፣ በዛብህ፣ ሰብለ ወንጌል፣ ቦጋለ መብራቱ፣ ውድነሽ በጣሙ፣ አበጀ በለው፣ እንዲሁም እነዚህን ሁሉ የሚያየው ተራኪ፣ በአንድ ጉሮሮ ውስጥ ይኖራሉ።

የሙያው አስቸጋሪነት በዚህ ላይ ነው። ድምፅን እየለዋወጡ ገጸ ባሕርያትን መለየት ጎበዝ አስመሳይ የሆነ ሁሉ ይሞክረዋል። የሚከብደው በገጸ ባሕርያቱ መካከል ያለውን የተራኪውን ድምፅ ጠብቆ መያዝ ነው። የሐዲስ ተራኪ ረዣዥም ዓረፍተ ነገሮችን ይወዳል፤ አንዱን ሐሳብ በሌላው ላይ እየደረበ፣ እየመለሰ፣ ምክንያቱን እያስረዳ ይሄዳል። በዓይን ሲነበብ ሩጫው የሚያደክመው አንባቢ አለ። ወጋየሁ ግን ዓረፍተ ነገሩን እንደ ሽማግሌ ወግ ያስኬደዋል፤ አድማጩ የመካከሉን ቢረሳ እንኳ የት እንደሚደርስ ያውቃል። የጠበቀው ይጠብቃል፤ የላላው ይላላል። ሐዲስ በነጥብ የጠየቁትን እሱ በትንፋሽ መለሰ።

ማንኩሳ ራሷን ስትሰማ

ከመራዊ ተነሥቶ በዳንግላና በእንጅባራ አድርጎ ወደ ቡሬ፣ ከዚያም ወደ ፍኖተ ሰላም የሚወስደው መንገድ ማንኩሳን ያልፋል። ልቦለዱ የሚከፈተው በዚህች ስፍራ ነው። በተማሪነቴ በዚህ መንገድ ስመላለስ አውቶቡሱ ማንኩሳ ሲደርስ አንድ ሰው ሳይጠየቅ «የበዛብህ አገር» ማለቱ አይቀርም ነበር። ይህንን ከሚሉት መካከል መጽሐፉን ያላነበቡ ብዙዎች እንደነበሩ አልጠራጠርም። በዛብህ ለእነሱ የልቦለድ ሰው ሳይሆን ቀደም ብሎ የኖረ ያገራቸው ልጅ ነው።

እናቴ የዚያ አካባቢ ሰው ነች። ወንድሟ፣ አጎቴ፣ በቡሬና በማንኩሳ መካከል የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። በአንድ ክረምት እሳቸው ዘንድ ከርሜ ትረካውን አብረን ሰምተናል። ፊታውራሪ መሸሻ ከባላገሩ ተጨማሪ ግብር የሚጠይቁበትና ባላገሩ በአበጀ በለው መሪነት እምቢ የሚልበት ክፍል ሲደርስ አጎቴ የያዙትን ሥራ አቆሙ። ሲያልቅ እንዲህ አሉ፦ «እኝህን ሰውዬ እኔ አውቃቸዋለሁ። ስማቸው ብቻ ሌላ ነበር።»

ይህ አነጋገር ምን ያህል ታሪክ እንደያዘ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ልቦለዱ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ፣ በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት፣ እምቢ ብሎ ተነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፤ በኋላም የግብሩ ጉዳይ እንዲላላ ተገደደ። ደራሲው በአበጀ በለው በኩል የጻፉት እምቢታ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በዚያው አገር መሬት ላይ ታየ። ይህ ማለት ልቦለዱ አመፁን ቀሰቀሰ ማለት አይደለም፤ ያመፀው ገበሬ መጽሐፉን አላነበበም። ሁለቱም፣ ደራሲውም ገበሬውም፣ ከአንድ የቆየ ቅሬታ ተነሡ ማለት ነው። ከዚያም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ የፊታውራሪ መሸሻ ዓይነት ባለርስት በሕግ ተሻረ።

እንግዲህ ወጋየሁ ሲተርክ የሚሰማው ገበሬ በ1958 ዓ.ም. መጽሐፉን ሊያነብ ይችል ከነበረው ገበሬ ይለያል። ፊታውራሪዎች ሲፈሩም ሲወድቁም ያየ ነው። የከተማው አንባቢ በልቦለዱ ውስጥ ለውጥን ፈለገ፤ የ1970ዎቹ ባላገር አድማጭ ግን ያለፈበትን ኑሮ ሰማ። አንዱ መጽሐፍ ሁለት ዘመን አገኘ። ሁለተኛውን ዘመን የሰጠው ድምፁ ነው።

«ይህ በየትኛው ገጽ ላይ ነው?»

አሁን የራሴን ስሕተት ልናገር። ተማሪ ሳለሁ በጻፍሁት አንድ ሐተታ ፊታውራሪ መሸሻን የሚያስቅ፣ አንዳንዴም የሚያሳዝን ሰው አድርጌ አቀረብሁ። መምህሩ በኅዳጉ ላይ «ይህ በየትኛው ገጽ ላይ ነው?» ብለው ጻፉ፤ ነጥቡንም ቀነሱ። በክፍሉ የተማርነው ገጸ ባሕርዩ የፊውዳሉ ሥርዓት ወኪልና ጨቋኝ መሆኑን ነበር። ገጹን ፈልጌ አልጠቀስሁም፤ ምክንያቱም እኔ የማስታውሰው ገጽ ሳይሆን በመራዊ መደብ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ሳቅ ነው። ባለርስቱ ሲፎክሩ እነዚያ ሽማግሌዎች ይሥቁ ነበር፤ ከፉከራው በስተጀርባ ያለውን ፍርሃት ሰምተውታልና።

በዚያን ጊዜ ተሸነፍሁ። ኋላ ግን መጽሐፉን እንደገና፣ በዝግታ፣ ድምፄን እያሰማሁ ሳነበው ሳቁ በሐዲስ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዳለ አየሁ። ደራሲው ፊታውራሪውን ሲነቅፉ በስላቅ ነው። ስላቅ ደግሞ በጽሑፍ ላይ ድምፅ አልባ ነው፤ የሚናገረው ሰው ቃናውን ካላሰማ እንደ ተራ ወሬ ያልፋል። ክፍሉ በፍጥነት አንብቦ ያለፈውን፣ ተዋናዩ ቃል በቃል ሲያልፍበት ማየቱ ግድ ነበር። ስለዚህ ወጋየሁ የጨመረው የለም ባልልም፣ በመጽሐፉ ውስጥ የተኛውን ቀሰቀሰ ማለት ወደ እውነት ይቀርባል። በዚህ ትርጉም ትረካው ሂስ ነው። ሐያሲው በአንቀጽ የሚያስረዳውን ተራኪው በቃና ይወስናል። ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ ሁለቱም ሊመረመሩ ይገባል።

ጉዳዩ የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዲከንስ ከ1858 እስከ 1870 እ.ኤ.አ. የራሱን ሥራዎች በአደባባይ እያነበበ ይዞር ነበር፤ ለንባቡ ያዘጋጃቸው ቅጂዎች፣ በእጁ የተሠረዙትና የተሠመሩት፣ ዛሬ ለተመራማሪዎች ሰነድ ናቸው። ዋልተር ኦንግ ደግሞ በ1982 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ጽሕፈትን ጨርሶ የማያውቀውን ቃላዊነት፣ በጽሕፈት ላይ ከቆመው የራዲዮና የቴሌቪዥን ዳግማዊ ቃላዊነት ለይቷል። ክፍፍሉ ጠቃሚ ነው፤ ለጎጃም ግን እንዳለ አይሠራም። አጎቴ ፊደል ያልዘለቃቸው፣ በአዝማሪ፣ በአልቃሽና በሽማግሌ ወግ ያደጉ ሰው ናቸው። በጽሑፍ የጸና ልቦለድ በራዲዮ በኩል ወደ እሳቸው ሲመጣ የተቀበሉት እንደ ሥነ ቃል ነው፤ ማለትም በቃላቸው ይዘው፣ ለሌላ እየደገሙ። ሁለቱ ቃላዊነቶች በአንድ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር።

ለዚህ አንድ ማስረጃ ልጨምር። መጽሐፉን ገዝቼ ወደ አጎቴ ዘንድ በሄድሁ ጊዜ ጥቂት ገጾች ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። ገና ሁለት ገጽ ሳልዘልቅ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። «ቆይ ልጄ፤ እንደሱ አይደለም የሚለው» አሉና ዓረፍተ ነገሩን ራሳቸው አሉት። ቃሉ ሙሉ በሙሉ ከመጽሐፉ ጋር አልገጠመም። እኔ ያላላሁትን ግን አጠበቁት፤ እኔ ባልቆምሁበት ቆሙ፤ ትርጉሙም ያን ጊዜ ጠራ። ለእሳቸው ዋናው ድርሰት የሰሙት ነበር፤ በእጄ ላይ ያለው ወረቀት ደግሞ ጎደሎ ግልባጭ። ማንበብ የማይችል ገበሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪን ንባብ ሲያርም፣ የታረመው ተማሪ ስለ «ጽሑፍ» ያለውን ትርጓሜ እንደገና መመርመር ይገባዋል።

እዚህ ላይ ሚዛን መጠበቅ ተገቢ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ከትረካው በፊትም ታላቅ መጽሐፍ ነበር፤ ዝናውን ከራዲዮ አልተዋሰም። ደግሞም ድምፅ ይሰጣል እንጂ አያስነጥቅም ማለት አይቻልም። ወጋየሁን የሰማ ሰው መጽሐፉን ሲያነብ የራሱን ጉዱ ካሣ መፍጠር ይቸግረዋል፤ እኔ ራሴ እስከ ዛሬ አልቻልሁም። አንድ ትርጓሜ ሲነግሥ ሌሎቹ ይደበቃሉ። ይህ ግን ትረካውን ለማጥናት ተጨማሪ ምክንያት ነው እንጂ ለመተው ምክንያት ሊሆን አይችልም።

መደምደሚያ

ወጋየሁ ንጋቱ በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዐረፈ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ። ትረካው በካሴት እየተገለበጠ፣ በኋላም በበይነ መረብ እየተላለፈ እስከ ዛሬ ይሰማል፤ ፊታውራሪ መሸሻንም ሆነ የመሬት አዋጁን የማያውቅ ትውልድ ይሰማዋል። የመድረክ ሥራው ከተመልካቾቹ ትዝታ ጋር እየደበዘዘ ሲሄድ፣ ተዋናዩን ያኖረው አካሉ የማይታይበት ይኸው ሥራው ነው።

ለትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች ሦስት ሥራዎችን እጠቁማለሁ። አንደኛው፣ ትረካውን ከ1958ቱ ኅትመት ጋር መስመር በመስመር ማስተያየት ነው፤ ነጥቦቹ ባሉበት ሁሉ ተራኪው ምን እንዳደረገ ማየት። ሁለተኛው፣ የቃና፣ የዕረፍትና የመጥበቅ ጉዳይ በሂስ ትምህርታችን ውስጥ እንደ ቃላትና እንደ ምሰላ ሁሉ ራሱን የቻለ ርእስ እንዲሆን ማድረግ ነው። ሦስተኛው ጊዜ የማይሰጥ ነው። በመራዊ፣ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላም ገጠር ያንን ድምፅ በጎልማሳነታቸው የሰሙ ሰዎች ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ቁጥራቸውም በየዓመቱ ያንሳል። ቴፑ ሊገለበጥ ይችላል። የአድማጩ ትዝታ ግን ካልተጠየቀ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል።

አጎቴ ካረፉ ቆይተዋል። ያን ቀን ያረሙኝን ዓረፍተ ነገር በማስታወሻዬ ላይ አልጻፍሁትም፤ ተማሪ ነበርሁና ትክክለኛው በመጽሐፉ ውስጥ አለ ብዬ አስቤ ነበር። ዛሬ መጽሐፉን ስገልጥ ቃሉን አገኘዋለሁ፤ የቆሙበትን ቦታ ግን አላገኘውም።